«ምንም የለብሽም» ከተባለ በኋላ፦ ስለማይለቅ የታችኛው ሆድ ሕመም

(ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናል ውስጥ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማጠቢያና የገበያ ሰዓት ነው። እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንዶችም እንኳን መጣችሁ። ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል፤ እደርስበታለሁ።

ዛሬ የምናወራው ከእንብርት በታች ስለሚሰማ ሕመም ነው። 6 ወርና ከዚያ በላይ ስለቆየ ሕመም። አንዳንዷ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ሌላዋ ላይ ይሄድና ይመለሳል። እኛ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም እንለዋለን። ሰፈር ውስጥ ግን «ብርድ ነው» ይባላል። «ኩላሊት ነው» ይባላል። ለልጃገረዶች ደግሞ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ይባላል።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት መንገድ አለ። ሕመሙ ሲብስ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ይኬዳል። ሽንት ይመረመራል፣ አልትራሳውንድ ይታያል። «ትንሽ ኢንፌክሽን አለ» ተብሎ የአንድ ሳምንት ክኒን ይታዘዛል። ጥቂት ቀን ሻል ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ አልትራሳውንድ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት። በመጨረሻ አንዱ ወረቀቱን አይቶ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ይላታል። ገንዘቧ አልቋል፤ ሕመሙ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ባልም፣ አለቃም ይጠራጠራታል። ቆይታ ራሷም ራሷን መጠርጠር ትጀምራለች። ከሕመሙ እኩል የሚጎዳው ይሄ ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የምርመራው ወረቀት ንጹህ ሆኖ ሕመሙ ደግሞ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው በጣም ብዙ ሰው ነው።

አልትራሳውንድ ጥሩ መሣሪያ ነው። ማዮማ የሚባለውን የማህፀን እጢ ያሳያል፤ እንቁላል ማፍሪያ ላይ ያለ ትልቅ የውሃ ከረጢት ያሳያል፤ እርግዝና ያሳያል። የተወጠረ ጡንቻ ግን አያሳይም። የተቆጣ ነርቭ አያሳይም። ፊኛችሁ ትንሽ ሽንት ሲይዝ ለምን እንደሚያቃጥላችሁ አይነግርም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል ሕመም አለ፣ እደርስበታለሁ፤ የጤፍ ፍሬ የምታክል የሱ ነጥብ ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች። ሕመሙ የሚመጣው መሣሪያው ከማያየው ቦታ ከሆነ «ንጹህ ነው» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለታየው ቦታ ብቻ ነው።

ታዲያ ዋናው ምርመራ ምንድን ነው? የእናንተ ታሪክ ነው። ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን እንደሚያስታግሰው። ችግሩ፣ ወረፋ በበዛበት ቦታ ሐኪሙ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ታሪካችሁን አዘጋጅታችሁ ብትመጡ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ትበቃለች።

ለሁለት ወር መዝግቡ። ስልክ ላይ ይሁን ደብተር ላይ ለውጥ የለውም። መጻፍ የማትችል እናት ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ታድርግ፤ የወር አበባ ባለበት ቀን ቀይ፣ ሕመም ባለበት ቀን ጥቁር። ቀይና ጥቁሩ ከተደራረቡ ሐኪሙ ገና ሳይነካችሁ አንድ ትልቅ ነገር አወቀ። ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር አወቀ። መጻፍ የምትችሉ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት። ሽንት ስትቋጥሩ ባሰ? ሰገራ ከወጣ በኋላ ቀለለ? ግንኙነት ላይ ያማል? ያማል ከተባለስ፣ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ጥልቅ ውስጥ? ይህን መናገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን መግቢያው ላይ የሚያም ሕመምና ጥልቅ ውስጥ የሚያም ሕመም የሚጠቁሙት ወደተለያየ ቦታ ነው። ለሐኪሙ ካልነገራችሁት ማንም አይነግርላችሁም።

ቀይና ጥቁሩ ከተደራረቡ መጀመሪያ የምናስበው ኢንዶሜትሪዮሲስን ነው። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ እንቁላል ማፍሪያ ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ። በየወሩ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ጠባሳ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል። ሥጋው ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ከባድ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል።

እናቶች፣ እዚህ ላይ ልለምናችሁ። የወር አበባ ትንሽ ቁርጠት ቢኖረው ያለ ነው። ልጃችሁን በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀራት፣ የሚያስመልሳት፣ መሬት ላይ የሚያንከባልላት ሕመም ግን «የሴት ዕጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሕክምና አለው። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለውንም እንተወው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ሴቶች ይህን ሕመም ለማከም ብለው እንዲያረግዙ መመከር እንደሌለባቸው በግልጽ አስቀምጧል። ያው መመሪያ ሌላም ነገር ለውጧል። ድሮ በካሜራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳያዩ በሽታው ነው አይባልም ነበር። አሁን ምልክቱ የሚመስል ከሆነ በመድኃኒት መጀመር ይቻላል። እንደኛ ባለ አገር፣ የካሜራ ቀዶ ሕክምና ውድና ሩቅ በሆነበት፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የሚሰጡት መድኃኒቶች ብርቅ አይደሉም። አይቡፕሮፌን አንዱ ነው። ሕመሙ ከመግረፉ በፊት፣ የወር አበባ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቢጀመር የተሻለ ይሠራል። በባዶ ሆድ አይወሰድም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ክኒኑን ከምግቡ ጋር አድርጉት። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባት፣ ያረገዘችም፣ ሳትጠይቅ አትውሰድ። ሁለተኛው የሆርሞን መድኃኒት ነው፤ የቤተሰብ ዕቅድ የምትሉት ክኒን፣ በየ3 ወሩ የሚወጋው ዲፖ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ። ያላገባችም ልጅ ለሕመም ልትወስደው ትችላለች። ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ስላያችሁ ሌላ ነገር አትጠርጥሯት።

ኢንፌክሽንስ የለም ወይ? አለ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና በቅርብ የጀመረ ሕመም ካለ በፍጥነት መታከም ያስፈልጋል። የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን መድኃኒት ነው የሚታዘዝለት። ሻል ሲል አይቋረጥም። ባልም አብሮ ይታከማል፤ ካልታከመ መልሶ ይሰጣታል። ኢንፌክሽኑ ድኖ ጠባሳው ሕመም ትቶ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ያኔ ሌላ አንቲባዮቲክ ጠባሳውን አያጠፋውም። ምርመራ ሳያሳይ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁ «ምን ተገኝቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም።

ቲቢንም አትርሱ። ሳንባ ብቻ የሚይዝ ይመስለናል። ማህፀንንና ቱቦንም ይይዛል። ሕመም፣ የወር አበባ መቅረት፣ ልጅ ማጣት ያመጣል። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከተገኘ በአብዛኛው የ6 ወር ሕክምና ነው፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚዘለለው ልምጣ። ጡንቻ።

ከታች፣ ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ፊኛን፣ ማህፀንን፣ አንጀትን ከሥር ደግፎ ይይዛል። እንደ ማንኛውም ጡንቻ ይወጠራል፣ ይደክማል፣ ያማል። አንገታችሁ ሲወጠር ራሳችሁን እንደሚያማችሁ ሁሉ ይህ ሲወጠር ዳሌን፣ ወገብን፣ ጭንን፣ ሽንት መሽኛን ያማል። ግንኙነት ላይ ያማል። ብዙ ሲቀመጡ ይብሳል።

እዚህ አካባቢ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ናችሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ ስለሚከብድ ትቋጥራላችሁ። እንዳይመጣ ብላችሁ ውሃ አትጠጡም። ውሃ ሳትጠጡ ስትቀሩ ሆድ ይደርቃል፤ ሽንት ቤት ስትቀመጡ ማማጥ ይመጣል። ይህ ሁሉ ያንን ጡንቻ ሲያስጨንቀው ይውላል። ማታ ስትመለሱ ደግሞ የቧንቧ ውሃ የለም። 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው። ሲነሳ ትንፋሽ ይታፈናል፤ ግፊቱ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። በእንጦጦ በኩል የባሕር ዛፍ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቧቸው።

ይህን ጡንቻ ለመመርመር ማሽን አያስፈልግም። ሐኪሟ በአንድ ጣት በቀስታ ጡንቻውን ግራና ቀኝ ትነካለች። ስትነካው ታካሚዋ «እሱ ነው! ሕመሜ እሱ ነው» ያለች እንደሆነ መልሱ ተገኘ። ያላገባች ልጅ ላይ በውስጥ ምርመራ አይደረግም፤ ሌላ መንገድ አለ። ማንኛዋም ሴት አንድ ሴት ነርስ አብራት እንድትገባ መጠየቅ ትችላለች። «ይብቃኝ» ካለች ደግሞ ይቆማል።

ሕክምናው ጡንቻውን ማላላት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ቢገኝ በጣም ጥሩ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ጤና ጣቢያ ላይ ማግኘት ስለሚከብድ ቤት የምትጀምሩትን ልንገራችሁ። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። አንድ እጅ ሆድ ላይ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር አስገቡ፤ ሆድ ከፍ ይበል። በዚያን ጊዜ ከታች ያለው ጡንቻ ወደ ውጭ ሲላላ ይሰማችኋል። ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ። የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሆድ ላይ ማሳረፍም ይረዳል። ጀሪካኑን በሁለት ባለ 10 ሊትር ክፈሉት፤ ስታነሱም ትንፋሽ አስወጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከወሊድ በኋላ «ጡንቻሽን ጭመቂ» የሚባል ስፖርት አለ። ለላላ ጡንቻ ጥሩ ነው። ለተወጠረ ጡንቻ ግን ያብሰዋል። ሳትመረመሩ አትጀምሩት።

በኦፕሬሽን የወለዳችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። የሚያማችሁን ቦታ በጣት ተጭናችሁ ራሳችሁን ከትራስ ቀና አድርጉ። ሕመሙ ከባሰ ምንጩ የሆድ ግድግዳ፣ ምናልባትም ስፌቱ አጠገብ የተያዘ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ማደንዘዣ በቦታው ሲወጋ ምርመራም ሕክምናም ይሆናል። ለዓመታት «የማህፀን ሕመም» ሲባል የኖረ ነገር በእንዲህ ያለ ቀላል ምርመራ ሲለይ ማየት ደስ ይላል።

ስለ ፊኛና ስለ አንጀት ባጭሩ። ፊኛ ሲሞላ እያመመ ሲሸና የሚቀል፣ የሽንት ምርመራው ግን ንጹህ የሆነ ሕመም አለ። አንዳንዱን ቡናና በርበሬ ያብስበታል። ለሁለት ሳምንት ትታችሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱና እዩት። ከሰገራ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ቁርጠት፣ መነፋት፣ አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ ከሆነ ነገሩ የአንጀት ሊሆን ይችላል። እዚያ ማህፀንን ማከም ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ግርዛትም ሳልናገር አላልፍም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው እንደተገረዙ አሳይቷል። ጠባሳው ሕመም ሊተው ይችላል። በልጅነት ወይም በትዳር ውስጥ የደረሰ ጥቃትም እንዲሁ። ሐኪሙ ለብቻችሁ ቢጠይቃችሁ ስለሚያስፈልገው ነው። ንገሩት።

ሕመም ሲቆይ ነርቭና አንጎልም ይለወጣሉ። ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ሌባው ከሄደ በኋላም ንፋስ ቅጠል ሲያንቀሳቅስ ይጮኻል። ነርቭም እንዲሁ ይሆናል። ቁስሉ ድኖ ጩኸቱ ይቀጥላል። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ በአካል ውስጥ ያለ ለውጥ ነው። ለዚህ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን በትንሽ መጠን ማታ ሊታዘዝ ይችላል። በፋርማሲ «የድብርት መድኃኒት ነው» ብትባሉ አትደንግጡ። በትንሽ መጠን የነርቭ ሕመም ያስታግሳል። እንቅልፍና የአፍ ድርቀት ያመጣል። ጋባፔንቲን የሚባለው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣና በብሪታንያ 306 ሴቶችን ባካተተ ጥናት፣ ምክንያቱ ላልታወቀ የዳሌ ሕመም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ራስ ማዞሩን ግን አብዝቷል። ውድ ወይም አዲስ መድኃኒት ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። በእግር መሄድ፣ በቂ እንቅልፍና የሚያምን ሰው ማግኘት ውሻውን ያረጋጋሉ። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ። ሆዳችሁን ግን በኃይል እንዲያሹላችሁ አትፍቀዱ።

ሳይዘገይ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? የወር አበባ ቀርቶ ድንገት ከባድ ሕመምና ራስን መሳት ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ካረጡ በኋላ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም፣ የክብደት መቀነስ፣ አዲስ የሆድ መነፋት፣ ሽንት ወይም ሰገራ ላይ ደም ካለ ቀጠሮ አታራዝሙ።

ወንዶች፣ ተራችሁ ነው። በብልትና በፊንጢጣ መካከል፣ በዘር ፍሬ፣ በታችኛው ሆድ የሚሰማ፣ ወራት የቆየ ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ «ፕሮስቴት ነው» ይባልና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ይደጋገማል። እንዲህ ካለው ሥር የሰደደ ሕመም አብዛኛው ላይ ባክቴሪያ አይገኝም። ለናንተም ጡንቻው ይወጠራል፤ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። የተናገርኩት አተነፋፈስ ለእናንተም ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ተነሱ።

አንዲት ወጣት «ዲፖ ስወጋ የወር አበባዬ ቀረ። ደሙ የት ነው የሚጠራቀመው?» አለች። ብዙ ሴት ይህን ፈርታ ታቋርጣለች። የትም አይጠራቀምም፣ እህቴ። መድኃኒቱ የማህፀን ግድግዳ እንዳይወፍር ያደርጋል። ያልወፈረ ግድግዳ የሚያፈሰው ደም የለውም። ለኢንዶሜትሪዮሲስ እንዲያውም የምንፈልገው መቅረቱን ነው። ቶሎ መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ንገሪን፤ ዲፖ ካቆሙት በኋላ ማርገዝ ብዙ ወር ሊዘገይ ስለሚችል ሌላ እንመርጣለን።

አንድ አባት «ባለቤቴ ስትታመም እኔ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው አስደሰተኝ። ጀሪካኑን ይሸከሙላት። ግንኙነት ሲያማት ዝም ብላ እንድትችል አይጠብቁ። ሐኪም ጋ አብረው ይሂዱ፤ ብዙ ሴት ያልተሰማችው ብቻዋን ስለሄደች ነው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ አምስት ወልጃለሁ። ማህፀኔ ወጥቶልኝ ብገላገልስ?» አሉ። እማማ፣ ሕመሙ ከማህፀን ከሆነ፣ ማዮማ ወይም የማህፀን ግድግዳ ማበጥ ካለ፣ ሊገላግልዎት ይችላል። ከጡንቻ፣ ከፊኛ ወይም ከነርቭ ከሆነ ግን ማህፀኑ ወጥቶም ሕመሙ ይቀራል። የወር አበባዎ አሁንም ካለ መጀመሪያ ለጥቂት ወር በመድኃኒት እናስቁመው። ሕመሙ አብሮ ከቀነሰ አንድ ፍንጭ አገኘን። ካልቀነሰ ጡንቻውን እንይ። የኦፕሬሽን ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን «ሕመሜ ከማህፀኔ እንደሚመጣ በምን አወቁ?» ብለው ይጠይቁ። የድሮ ወረቀቶችዎን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ አልትራሳውንዱን እንደገና ከመክፈል ያድንዎታል።